ግልጽ ደብዳቤ፦ ወረቀታችን ሲነጣ ወንዛችን አይጥቆር

ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ በረኪና ነው። ነጠላና አንሶላ የምናነጣበትን በረኪና ሁላችንም እናውቀዋለን። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ባለ ቀለም ልብስ ላይ ጠብ ካለ ልብሱ አለቀለት። የወረቀት ፋብሪካም በረኪናና የበረኪና ዘመዶች የሆኑ ኬሚካሎችን ይጠቀማል፤ እሱ የሚጠቀመው ግን በቶን ነው። ያ ሁሉ ኬሚካል ወረቀቱን ካነጣ በኋላ ከውኃ ጋር ይወጣል። ወጥቶ የት ይደርሳል? ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ወረቀት እዚሁ እንሥራ የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። እኔም ከሚደግፉት ወገን ነኝ። የመማሪያ መጽሐፉ፣ ደብተሩ፣ ጋዜጣው የሚታተምበት ወረቀት በአብዛኛው በዶላር የሚመጣ ነው። ዶላር ሲጠፋ ማተሚያ ቤት ይቆማል። መስከረም ሲጠባ የደብተር ዋጋ ወላጅን ያስጨንቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ቀርከሃ አለን። ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ከስኳር ፋብሪካዎቻችን የሚወጣ የሸንኮራ ገለባም አለ። ከዚህ ሁሉ ፐልፕ፣ ማለትም የወረቀት ቃጫ፣ ማውጣት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ወንጂ ያለው የወረቀት ፋብሪካችን እንኳ ለረጅም ዘመን የሠራው ከውጭ በመጣ ፐልፕ ነው። ተቀቅሎና ነጥቶ፣ ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ የማንጣቱ ቆሻሻ ውኃ የቀረው ሌላ አገር፣ ሌላ ወንዝ ውስጥ ነው። ፐልፑን እዚህ መሥራት ስንጀምር ያ ውኃም አብሮ ይመጣል። እስከ ዛሬ ያልነበረብን ጣጣ ነው።

የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ለማንኛውም የፐልፕ ወይም የወረቀት ፋብሪካ ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱ በምን እንደሚነጣ ጠይቁ። የማጣሪያ ገንዳው ስንት ሜትር እንደሚረዝም መጠየቁ ጥሩ ነው። ግን የፍሳሹ ዕጣ የሚወሰነው ገንዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

በሙያዬ የኬሚካል መሐንዲስ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ያገለገለ ወረቀት ፈጭቶ አዲስ ወረቀት በሚሠራ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ችግሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ ስላልሆነ መጥቀሱ ምንም አይፈይድም። የፍሳሽ ላቦራቶሪው አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ሠራተኛዋም እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ማጣሪያው ገንዳ እወርዳለሁ። ብሎወር የሚባለው ማሽን ከታች አየር ይነፋል፣ ውኃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ከዚያ አንድ ሊትር እቀዳና በመስታወት ሲሊንደር አስቀምጬ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ።

ውኃውን የሚያጸዳው ባክቴሪያ ነው። እርስ በርሱ ተያይዞ ጭቃ የመሰለ ነገር ይሆናል፤ እኛ ስላጅ እንለዋለን። ጤነኛ ስላጅ ቡናማ ነው። ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ጠላ አተላ ወደ ታች ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ ውኃ ይተዋል። ያንን ሳይ ቀኔ ብሩህ ይሆናል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ነገር አልረጋ አለ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ውኃው እንደ ደፈረሰ ቀረ። ቀለሙ ወደ ግራጫ ሄዷል። የአፈሩ ሽታ ጠፍቶ በረኪና በረኪና ይላል።

የሌሊት ፈረቃውን ፎርማን ጠየቅሁት። ነጣ ያለ ወረቀት የፈለገ ደንበኛ ስለነበረ ሃይፖክሎራይት ጨምረው አድረዋል። ሃይፖክሎራይት ማለት በረኪና ነው፣ ከፍ ባለ መጠን። የተረፈውን ንጋት ላይ በአንድ ጊዜ ለቀቁት። ፎርማኑ ተንኮል አልነበረውም። የታዘዘውን ነው የሠራው። ቤት ውስጥ በረኪና የምንጠቀመው ጀርም እንዲገድልልን ነው። በረኪናው እዚያም ያደረገው ይህንኑ ነው። ውኃ እንዲያጸዱልን ስንት ወር ያሳደግናቸውን ባክቴሪያዎች በአንድ ሌሊት ፈጃቸው። ስላጁ እስኪያገግም 3 ሳምንት ወሰደ። ፋብሪካው ግን አልቆመም። የ3 ሳምንቱ ፍሳሽ ሳይታከም ወንዝ ገባ።

በዚያው ሳምንት ናሙና ልቀዳ ከፋብሪካው በታች ወረድኩ። አንድ አባት ከብቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ውኃው ዳር አረፋ ተከምሯል። ከብቶቹ አሽትተው አፋቸውን መለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ ውኃ ለከብት ይሆናል?» አሉኝ።

እጄ ላይ የፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት፣ መለኪያ ነበር። ነከርኩት። 7.4 አለ። በመለኪያው መሠረት ምንም ችግር የለበትም። ግን አዎ ማለት አልቻልኩም። ያ መለኪያ በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከቃጫው ጋር ተዋህዶ ምን እንደፈጠረ አይናገርም። ላቦራቶሪዬ ውስጥም የሚናገር አልነበረም።

«ለጊዜው ባያጠጧቸው ይሻላል፣ አባባ» አልኳቸው።

«እሺ። እና ወዴት ልውሰዳቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ከብቶቻቸውን አዙረው ዳገቱን ወጡ። የላይኛው ምንጭ ሩቅ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

ያ ፋብሪካ ያገለገለ ወረቀት ነበር የሚያነጣው። ከጥሬ ቀርከሃ ወይም ከባሕር ዛፍ ሲነሳ ነገሩ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ምክንያቱን ላስረዳ።

እንጨት ውስጥ ቃጫውን የሚያጣብቅ ሊግኒን የሚባል ሙጫ አለ። ፐልፕ ለማግኘት እንጨቱ በኮስቲክ ሶዳና በሰልፋይድ በከፍተኛ ሙቀት ይቀቀላል። አብዛኛው ሊግኒን ሟሙቶ ጥቁር ውኃ ይሆናል። ደህና ፋብሪካ ይህን ጥቁር ውኃ አይደፋውም። አወፍሮ በቦይለር ያቃጥለዋል። ከዚያ እንፋሎትና መብራት ያገኛል፣ ኬሚካሉንም መልሶ ይሰበስባል። ቃጫው ግን ገና ቡናማ ነው። የሲሚንቶ ከረጢትን አስቡት። ቡናማ ያደረገው በውስጡ የቀረው ጥቂት ሊግኒን ነው። ማንጣት ማለት ያንን የቀረውን ማውጣት ነው።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ፋብሪካዎች ይህን የሚሠሩት በክሎሪን ጋዝና በሃይፖክሎራይት ነበር። ርካሽ ነው፣ ያነጣል። ክሎሪን ግን ሊግኒኑን ሰባብሮ ብቻ አይተወውም። ስብርባሪው ላይ ይጣበቃል። ክሎሮፌኖል የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። በጣም በጥቂቱ ደግሞ ዳይኦክሲን ይፈጠራል። ዳይኦክሲን ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። በውኃ አይሟሟም፣ በስብ ውስጥ ይቀመጣል። ከደለል ወደ ትል፣ ከትል ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው እያለፈ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከወረቀት ፋብሪካ በታች ባሉ ወንዞች ዓሣ ላይ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1988 መንግሥትና ኢንዱስትሪው አብረው 104 ፋብሪካዎችን መረመሩ። ዋናው ምንጭ የክሎሪን ማንጫው መሆኑ ታወቀ።

ክሎሪኑን መሥራትም የራሱ ጣጣ ነበረው። ካናዳ ውስጥ ድራይደን በሚባል ከተማ ለወረቀት ማንጫ ክሎሪን የሚያመርት ክፍል በሜርኩሪ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1970 ወደ 9 ቶን የሚገመት ሜርኩሪ ወንዝ ውስጥ ለቀቀ። በታች የሚኖሩት የግራሲ ናሮውስ ነባር ሕዝቦች ከዚያ ወንዝ ዓሣ የሚበሉ ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በዚያ ጉዳት ይሠቃያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ጥቁሩን የቅቅል ውኃ ቦይለር ውስጥ ማቃጠል ይቻላል ብያለሁ። በክሎሪን የተነጣበትን ውኃ ግን እዚያ መላክ አይቻልም። ከክሎሪኑ የሚቀረው ክሎራይድ የቦይለሩን ብረት ይበላዋል። ስለዚህ የማንጫው ውኃ ከፋብሪካው መውጣቱ የግድ ነው። ወደ ማጣሪያ ገንዳ ሄዶ ከዚያ ወንዝ ይገባል። ባክቴሪያዎቹ የሚበላውን ይበሉለታል። ጥሩ ማጣሪያ ኦክስጅን የሚሻማውን ቆሻሻ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ክሎሪን የተጣበቀባቸውን ነገሮች ግን በግማሽ ገደማ ቢቀንስ ነው። ቀለሙንማ ብዙም አይነካውም፤ ሊግኒን ለባክቴሪያም ቢሆን አይበላም። ውኃው ሻይ መስሎ ይወጣል። ወንዙ ሻይ ሲመስል ፀሐይ ወደ ታች አይገባም፣ የውኃ ውስጥ ተክል አያድግም። አሉም የሚባል አዝቃጭ ጨው ጨምሮ ቀለሙን ማዝቀጥ ይቻላል፤ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ሌላ የስላጅ ክምርም ያመጣል። ዳይኦክሲኑ ደግሞ ስላጁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያ ስላጅ ማዳበሪያ ተብሎ ማሳ ላይ ከተበተነ መርዙን ከወንዝ አንስተን ማሳ ላይ አስቀመጥነው ማለት ነው።

መፍትሔው ከማንጫው በፊት አለ። ቃጫው ወደ ማንጫው ከመግባቱ በፊት በግፊት ሥር በኦክስጅንና እንደ ኮስቲክ ሶዳ ባለ አልካላይ ከታጠበ፣ ከቀረው ሊግኒን ግማሽ ያህሉ እዚያ ይወጣል። ይህ ውኃ ክሎሪን አልነካውም። ስለዚህ ተመልሶ ወደ ቦይለሩ ይገባና ይቃጠላል። ጠቅላላ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ከቆሻሻው ግማሹ መጀመሪያውኑ ፍሳሽ ሳይሆን ነዳጅ ሆኖ ይቀራል። ለቀረው ደግሞ በክሎሪን ጋዝ ምትክ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ መጠቀም ይቻላል። ስማቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው ይለያያል። ዳይኦክሳይዱ በአብዛኛው ሊግኒኑን ይሰባብረዋል እንጂ አይጣበቅበትም። ከዚያም አልፎ ክሎሪን የሚባል ነገር ሳይነካ በኦክስጅን፣ በኦዞንና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብቻ ማንጣት ይቻላል።

የቁጥሩን ልዩነት ተመልከቱ። ከካርቦን ውህዶች ጋር የተያያዘውን ክሎሪን በጠቅላላ የሚለካ ኤኦኤክስ የሚባል ምርመራ አለ። በድሮው የክሎሪን አሠራር ለአንድ ቶን ፐልፕ ብዙ ኪሎ ይወጣ ነበር። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ለነጣ የክራፍት ፐልፕ፣ ማለትም ከላይ እንዳልኩት በኮስቲክ ሶዳና በሰልፋይድ ለተቀቀለ ፐልፕ፣ የፈቀደው በቶን 0.25 ኪሎ ነው። ይህ ቁጥር ገንዳ በማስፋት ብቻ አይገኝም። ማንጫውን በመቀየር ነው የሚገኘው።

ይህ ደግሞ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ቶሎ የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው የስቶክሆልም ስምምነት አባል ናት። የስምምነቱ ሦስተኛ አባሪ፣ አባሪ ሐ፣ ዳይኦክሲን የሚያመነጩ የኢንዱስትሪ ዘርፎችን በስም ይዘረዝራል። ከነሱ አንዱ በክሎሪን፣ ወይም ክሎሪን በሚያመነጩ ኬሚካሎች የሚነጣ ፐልፕ ነው። አዲስ ፋብሪካ ሲሆን አገሪቱ ያለውን የተሻለ ቴክኖሎጂ የማስገደድ ግዴታ አለባት። የተፈረመበት ጉዳይ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ መድረሱን ግን እጠራጠራለሁ።

ስለ ቦታ ምርጫም ልናገር፤ ቴክኖሎጂ ብቻውን አያድንምና። ቺሌ ውስጥ ቫልዲቪያ ከሚባል ከተማ አጠገብ በክሩሴስ ወንዝ ላይ አንድ ረግረግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱ ሰጥሞ የተፈጠረ ነው። አንገታቸው ጥቁር የሆነ ስዋን የሚባሉ ትልልቅ የውኃ ወፎች በሺዎች ይኖሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ከረግረጉ በላይ አንድ ግዙፍ የፐልፕ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የድሮ ዓይነት ፋብሪካ አልነበረም። ክሎሪን ጋዝ አይጠቀምም። ፍሳሹን በሦስት ደረጃ ያጣራል፣ በመጨረሻ በአሉም ሳይቀር። ዓመት ሳይሞላ ግን ስዋኖቹ የሚበሉት የውኃ ተክል ደረቀ። ወፎቹ ከስተው መብረር ተሳናቸው፤ ብዙዎቹ ሞቱ፣ የቀሩት ተሰደዱ። ምክንያቱ ምንድን ነው በሚል ለዓመታት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርድ ቤት ኩባንያውን ተጠያቂ አደረገው።

ይህን የማነሳው አዋሽን እያሰብኩ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ የፐልፕ ፋብሪካዎች ያሉባቸው ወንዞች ወደ ባሕር ይወጣሉ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከጊንጪ ተነስቶ፣ ቆቃን ሞልቶ፣ ወንጂን፣ መተሐራን፣ አሚባራን አጠጥቶ፣ የአዳማን ሕዝብ አጠጥቶ፣ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ የተሸከመው ነገር ግን እዚያው ይቀራል። የሐዋሳ ሐይቅም እንዲሁ መውጫ የለውም። ቶሎ የማይበሰብስ መርዝ እንዲህ ባለ ተፋሰስ ውስጥ መልቀቅ ማለት የሚቀጥለው ትውልድ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል። አዋሽ ላይ ግን የፈሰሰው አይሄድምም።

አፍሪካ ውስጥ ሩቅ ሳንሄድ ኬንያ አለች። ዌቡዬ ላይ የነበረው ፓን አፍሪካን የወረቀት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራ ጀምሮ ለ35 ዓመት ገደማ ሠራ። ፍሳሹ ወደ ንዞያ ወንዝ፣ ንዞያ ደግሞ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። የከተማው ሰው ስለ ሽታው፣ ዝገት ስለሚበላው ጣሪያ ቆርቆሮ ሲያማርር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፋብሪካው ሲዘጋ ደግሞ ከተማው በሥራ አጥነት ተመታ። ሁለቱም ሐዘን በአንድ ሕዝብ ላይ ደረሰ። እኔ የምፈልገው ይህን አይደለም። ፋብሪካውም ይኑር፣ ወንዙም ይኑር። ባይካል ሐይቅ ዳር እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተው የሩሲያ የፐልፕ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘጋ። ፋብሪካው ቢሄድም ከ6 ሚሊዮን ቶን በላይ የሊግኒን ዝቃጭ ከሐይቁ አጠገብ በገንዳ ተጠራቅሞ ቀረ።

ስለ ትንንሽ ፋብሪካዎችም አንድ ቃል። «አነስተኛ ስለሆነ ችግር የለውም» ሲባል እሰማለሁ። በፐልፕ ጉዳይ እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው። ቀርከሃና ገለባ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዓይነት ማዕድን፣ ይበዛባቸዋል። ሲሊካ ጥቁሩን ውኃ ለማወፈርም ለማቃጠልም ያስቸግራል። የማቃጠያ ቦይለር ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ትንሽ ፋብሪካ አይገዛውም፤ ጥቁሩን ውኃ ይደፋዋል። ቻይና ውስጥ በሁዋይ ወንዝ ዳር የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 መንግሥት ወንዙን ለማዳን በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የገለባ ፐልፕ ፋብሪካዎችን ለመዝጋት ተገደደ። እዚህም ቦይለር የሌለው ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ልቀቅል ቢል ባይፈቀድለት እመርጣለሁ። ያገለገለ ወረቀት ያቀናብር፣ ያንንም በፐርኦክሳይድ ያንጣ።

ቁጥጥሩን በሚመለከት ከሥራ ልምዴ የማቀርባቸው ሐሳቦች አሉኝ። ናሙና የሚቀዳው ከመጨረሻው ቱቦ ብቻ አይሁን። እዚያ ሲደርስ የማንጫው ውኃ ከማቀዝቀዣው፣ ከዝናቡ፣ ከመጸዳጃው ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ዳይኦክሲን የሚለካው ከማንጫው ክፍል ደጃፍ ላይ፣ ከሌላ ውኃ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ነው ይላል። በሊትር ከ10 ፒኮግራም በታች መሆን አለበት። አንድ ፒኮግራም የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ ነው። ይህን የሚለካ ላቦራቶሪ ውድ ነው፣ ናሙናው ውጭ አገር መላክ ሊኖርበት ይችላል። ወጪው የፋብሪካው ይሁንና ፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

ሌላው በጣም ርካሽ ነው። ብሎወሩ የራሱ የመብራት ቆጣሪ ይኑረው። በማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ትልቁ ወጪ መብራት ነው። ወጪ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚጠፋውም ብሎወሩ ነው፣ ሌሊት ሌሊት። ተቆጣጣሪ የሚመጣ ዕለት ይበራል። ናሙናው ጥሩ ይሆናል። ባክቴሪያ ግን ያለ አየር ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ይዳከማል። ቆጣሪ ግን አይዋሽም። ተቆጣጣሪው ሳይንቲስት መሆን አያስፈልገውም፤ የወሩን ኪሎዋት-ሰዓት ያነባል፣ ካለፈው ወር ጋር ያነጻጽራል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተርም ለገንዳው ይመደብ። ማሽኑ በጄኔሬተር እየሠራ ገንዳው ጨለማ ውስጥ ሲተኛ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል። የፐልፕ ፍሳሽ ካርቦን ሞልቶት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያንሰዋል። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ዩሪያ ይጨመራል። ገበሬው የሚሰለፍለት ያው ዩሪያ ነው። ፋብሪካው ለገንዳው በወር ስንት ኩንታል እንደገዛ ደረሰኙ ይጠየቅ። ደረሰኝ ከሌለ ገንዳው አይሠራም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ገዢዎቹ። ለመሆኑ ወረቀቱ ምን ያህል መንጣት አለበት? የጋዜጣ ወረቀት ንጣት ከመቶ በሚሰጠው የንጣት መለኪያ 60 አካባቢ ነው። ለፎቶ ኮፒ የሚሸጠው 90 ያልፋል። ከ80 ወደ 90 ለመውጣት የሚፈጀው ኬሚካል ከ70 ወደ 80 ከሚፈጀው ይበልጣል። የመጨረሻዋ ንጣት ናት ውድ፤ ለኪስም ለወንዝም። የአንደኛ ክፍል ልጅ ሀሁ የምትጽፍበት ደብተር እንደ በረዶ ማብረቅ አለበት? አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ብራና ክሬም መሰል፣ ቢጫ ቢጫ የሚል ነው። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በላዩ ላይ እስከ ዛሬ ጥርት ብሎ ይነበባል። ትልቁ የወረቀት ገዢ መንግሥት ነው። የመማሪያ መጽሐፍና የደብተር ጨረታ ላይ የሚጠየቀው ንጣት ወረድ ቢልና «በክሎሪን ጋዝ ወይም በሃይፖክሎራይት ያልነጣ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ የትኛውም ተቆጣጣሪ ያልቻለውን ገበያው ራሱ ይሠራዋል።

ሕጉ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳት የደረሰበት ባይሆን እንኳ፣ በካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን ከብት ይዘው የቆሙት አባት አያውቁም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ አላውቅም ነበር። የእያንዳንዱ ፋብሪካ ፈቃድና የወር የምርመራ ውጤት በቀበሌው ሰሌዳ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ፣ እንደ አካባቢው ቋንቋ ይለጠፍ። ቁጥሩን የማያነብ ቢኖር የሚያነብለት ልጅ አያጣም።

ከእናንተ የምጠብቀው መልስ አጭር ነው። ክሎሪን ጋዝና ሃይፖክሎራይት ለፐልፕና ለወረቀት ማንጫ እንዳይፈቀድ የሚል መመሪያ ታወጣላችሁ? አዎ ከሆነ መቼ? አይሆንም ከሆነ ለምን? መልሱን ለእኔ ብቻ ሳይሆን በይፋ ስጡን።

በዚህ ሥራ ላይ የሚቋቋም የባለሙያ ቡድን ካለ በነጻ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ። ከገንዳ ናሙና መቅዳት፣ ሲሊንደር ማንበብ፣ ተቆጣጣሪዎችን ማሠልጠን እችላለሁ። እኔ በሠራሁበት ዓይነት ቦታ ዛሬ የሚሠሩ ወጣት ኬሚስቶችም አሉ፤ ጠይቋቸው፣ ብዙ ያውቃሉ። ሥራቸውን እንዳያጡ ግን ስማቸው ይጠበቅላቸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንዲት የኬሚካል መሐንዲስ
አዳማ